ቀኝና ግራ እጅን የሚለይ ሞለኪውል እንዴት ይነደፋል?

ብዙ ጀማሪ ተቀባይ ሞለኪውል (ሌላ ሞለኪውል፣ ማለትም «እንግዳ»፣ የሚይዝ ሞለኪውል) ሲነድፍ መጀመሪያ የሚያስበው እንግዳውን እንዴት አጥብቆ እንደሚይዘው ነው። ዋናው ጥያቄ ግን እሱ አይደለም። የእንግዳው ሁለት የመስታወት ምስሎች ልክ እንደ ቀኝና ግራ እጃችን ናቸው፣ የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብሎ አጥብቆ የሚይዝ ሞለኪውል ሁለቱንም አጥብቆ ይይዛል። እናንተ የምትፈልጉት ለአንዱ የሚመች፣ ሌላውን የሚቆረቁር ቤት ነው።

በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንዱን ከሌላው 10 እጥፍ አስበልጦ ለመያዝ የሚያስፈልገው የኃይል ልዩነት በሞል 5.7 ኪሎጁል ገደማ ነው። በጣም ትንሽ ናት። እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ሞለኪውል የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ብሎ ለሁለቱም ይመቻችና ያቺን ትንሽ ልዩነት ያጠፋታል።

እንግዳችን ከአሚኖ አሲድ የሚሠራው የፌኒልግላይሲን ሜቲል ኤስተር ጨው ይሁን። መጀመሪያ እጀታ፣ ማለትም ተቀባዩ የሚይዝበትን ክፍል፣ ፈልጉለት። እዚህ እጀታው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አሞኒየም ነው፣ ሦስት ሃይድሮጅን አለው። ኬሚስቱ ቻርለስ ፔደርሰን በ1967 ይፋ ያደረጋቸው ክራውን ኢተሮች ደግሞ ቀለበታቸው ላይ ኦክስጅን ተደርድሯል። ሦስቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ እየዘለሉ ሦስት ኦክስጅን ላይ ሲያርፉ እንግዳው እንደ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይቀመጣል፣ ሌላው አካሉ ከቀለበቱ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አሁን ግድግዳ ያስፈልጋል። ኬሚስቱ ዶናልድ ክራም የመረጠው ቢናፍቲል (በአንድ ቦንድ የተያያዙ ሁለት ናፍታሊኖች) ነው፣ እኔም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሁለቱ ናፍታሊኖች እርስ በርስ ስለሚጋፉ እንደ ልብ አይዞሩም፣ ተጣመው ይቀራሉ። መነሻው ቢኖል (ሁለት የኦኤች ቡድን ያለው ቢናፍቲል) በሁለቱም እጅ ተለይቶ ይሸጣል። ቢኖልን ኦክስጅን ከተደረደረበት ረጅም ሰንሰለት፣ ከፔንታኤቲሊን ግላይኮል ዳይቶሲሌት ጋር በፖታሲየም ቤዝ ስታገናኙ ስድስት ኦክስጅን ያለው ባለ 20 አቶም ቀለበት ይወጣል፤ ፖታሲየሙ መሃል ገብቶ ሰንሰለቱን ስለሚሰበስበው ቀለበቱ በቀላሉ ይዘጋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ቀለበቱን ብትገለብጡት ላይና ታቹ አንድ ነው፣ እንግዳው በየትኛውም በኩል ቢገባ የሚጠብቀው ያው ግድግዳ ነው።

መለየቱ ካነሰባችሁ ቢኖሉ ላይ 3 እና 3′ ቁጥር ቦታዎችን (ከኦክስጅኖቹ ተሸካሚ ካርቦኖች ቀጥለው ያሉትን) ያዙ። እዚያ ሜቲል ወይም ፌኒል ስትጨምሩ ግድግዳው ወደ እንግዳው ይረዝማል። ግን አታብዙት፤ ቤቱ ከጠበበ ሁለቱም አይገቡም።

ሁለቱን የምታሟሙበት ፈሳሽ ክሎሮፎርም ይሁን። ሜታኖልና ውሃ ራሳቸው የሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚሠሩ እጀታውን ይሻሙባችኋል። ለጨው ኔጋቲቭ አጋር የድሮ ሥራዎች ፐርክሎሬት ይጠቀሙ ነበር፣ እናንተ ግን አትንኩት፣ ሲደርቅ ሊፈነዳ ይችላል። ሄክሳፍሎሮፎስፌት ይበቃል።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱ እጆች የተቀላቀሉበት እንግዳ ላይ ተቀባዩን ጨምረው ኤንኤምአር (አቶሞችን በማግኔት የሚያነብ መሣሪያ) ላይ አንዱ መስመር ሁለት ሲሆን «ለየ!» ይላሉ። መስመሩ መከፈሉ ሁለቱ ውሕዶች ለማግኔቱ የተለያየ መልክ እንዳላቸው እንጂ አንዱ በርትቶ መያዙን አያሳይም። እያንዳንዱን እጅ ለየብቻ ወስዳችሁ፣ የተቀባዩን መጠን ሳትቀይሩ እንግዳውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ፣ የመስመሩን ጉዞ ከ1 ለ 1 ቀመር ጋር አስተያዩና የየራሳቸውን የመያዣ ቁጥር አውጡ። የሁለቱ ቁጥሮች ንጽጽር ነው መልሱ።

ከዚያ ተቀባዩን ከተቃራኒው ቢኖል እንደገና ሥሩት። አድካሚ ነው፣ ቢሆንም እኔ ያለዚህ አላምንም። የመጀመሪያው ቀኙን 5 እጥፍ ካስበለጠ ሁለተኛው ግራውን 5 እጥፍ ማስበለጥ አለበት። ካልሆነ ንጽሕናው ላይ፣ ወይም አለካኩ ላይ ችግር አለና ወደዚያ ተመለሱ።