ከድሬ ወደ ደጋ ለሚወጣ፦ የሱፍ ልብስ አመራረጥና አለባበስ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የጋራ ሙለታ አናት ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በታኅሣሥ ሌሊት ድሬ 16 ዲግሪ ቢሆን ጋራው ላይ 3 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ካለም ውርጭ አለ። ይህን የሰማ የቆላ ሰው መደራረብ ይጀምራል፦ ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ጃኬት፣ ከዚያ ጋቢ። ጥፋቱ ያለው ካናቴራው ላይ ነው። ዳገቱ ላይ በላብ ይርሳል፤ ቁጭ ሲሉ እርጥበቱ የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ያንዘፈዝፋል። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ደረቅ እያለ የሚያህለው የለም፣ ጤዛ ወይም ካፊያ ከጠጣ ግን ሸክም ብቻ ይሆናል።

ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ስቦ እንኳ ቆዳ ላይ እርጥብነቱ እምብዛም አይታወቅም። ክሩ ጥቅልል ስለሆነ በመሃሉ አየር ይይዛል፤ ሲርስም እንደ ጥጥ ቆዳ ላይ አይለጠፍም። «ሱፍ ቢርስም ያው ይሞቃል» የሚባለው ግን ተጋኗል። ከእርጥብ ጥጥ ይሻላል እንጂ እንደ ደረቅ ሱፍ አይሆንም።

ከድሬው ቀፊራ ገበያ ወይም ከሐረር ሸዋ በር ልባሽ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሹራቡ ሱፍ መሆኑን በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይመን፤ ሰው ሠራሽ የሆነው አክሪሊክ እጅን ያታልላል። ከውስጥ ስፌቱ ሁለት ሦስት ክር ይምዘዙና ውሃ አጠገብ አድርገው፣ በሳህን ላይ በክብሪት ይለኩሱት። ሱፍ በዝግታ ይነድዳል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። አክሪሊክና ፖሊስተር ቀልጠው ጠንካራ ጠጠር ይሠራሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፀጉር እየሸተተ ጠጠርም ከቀረ ቅልቅል ነው፤ ለላይኛው ሹራብ ይሆናል፣ ለውስጥ ግን አይመረጥም።

ከቆዳ ጋር የሚነካው ልብስ ስስና ለስላሳ ሱፍ ይሁን፤ ሜሪኖ የሚባለው ለዚህ የተሻለ ነው። አንገት ላይ ለአንድ ደቂቃ ይዘው ይሞክሩት፤ ከኮሰኮሰ ለውስጥ አይሆንም። የመንዝ በግ ፀጉር ለባናና ለበርኖስ የታወቀ ቢሆንም ሻካራ ስለሆነ ለሰውነት አይመችም። ከስሱ ላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጃኬት ይከተላል። ይህ ሦስተኛው አይቀርም፤ ነፋስ በሹራብ ውስጥ እንደልቡ ያልፋል።

ፈቃድ ይዞ ለአደን የሚወጣ፣ ወይም በኩኒ ሙክታር ደጋ አጋዘን ለማየት ጎሕ ሳይቀድ የሚያደባ ሰው ጃኬቱን ከሹራቡ ሥር ይልበስ። ናይለን ቁጥቋጦ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ ሱፍ ድምፅ የለውም።

አለባበሱ ካልተስተካከለ ግን ጥሩ ሱፍም አያድንም። የደንገጎን ዳገት በመኪና ሲወጡ ሹራቡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። በእግር ጉዞ ሲጀምሩ ትንሽ ብርድ ብርድ ሊልዎት ይገባል፤ ካልተሰማዎት አብዝተው ለብሰዋል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልብዎታል። ላብ ግንባር ላይ ብቅ ሲል ቆሞ ማውለቅ ነው። ሲያርፉ ደግሞ ብርዱን ሳይጠብቁ ወዲያው ይልበሱ፤ ከተንዘፈዘፉ በኋላ የሚለበስ ሹራብ ለማሞቅ ጊዜ ይወስድበታል። በታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ንግሥ ሌሊቱን በእግር የሚወጡም ይህንኑ ያድርጉ።

እግር ላይ ብዙ ሰው ሁለት ካልሲ ይደርባል። ጫማው ከጠበበ ደም በደንብ አይዘዋወርምና እግር የባሰ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ናይለን የተቀላቀለበት አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል፤ ናይለኑ ተረከዙ ቶሎ እንዳይበሳ ነው። አንድ ደረቅ ጥንድ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። ኮፍያና ጓንትም ይያዙ።

እጥበት ላይ የሚበላሸው ልብስ ተራራ ላይ ከሚበላሸው ይበዛል። ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፉን ያኮማትሩታል፤ በረኪና ደግሞ ክሩን ያሟሟዋል። ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ በትንሽ የፀጉር ሻምፖ አሥር ደቂቃ ነክሮ፣ ሳያሹ መጫን፣ ከዚያ ማለቅለቅ። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ይጭመቁት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁት። የድሬ ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋል፣ ክሩንም ያደርቀዋል።

ሱፍ ለብል ቀለብ ነው፤ በተለይ ላብና የምግብ ፍርፋሪ ያለበት። ሳያጥቡ አያስቀምጡ። ልባሽ የተገዛውን ከሌላው ልብስ ከመቀላቀል በፊት በላስቲክ አጥብቀው አሥረው ሁለት ሳምንት በረዶ ቤት ያቆዩት፤ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። የኒም ቅጠል ሣጥን ውስጥ መጨመር ብሉን ሊያርቅ ይችላል፤ አስቀድሞ የገባውን ግን አይገድልም።