አፍ ሲቆስል፦ የት ነው የወጣው? ስንት ቀን ሆነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አፉ የቆሰለ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው መድኃኒት ቤት ገብቶ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ መግዛት ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት መስታወት ይዘው ብርሃን ላይ ይዩት።

ከንፈር ውስጥ፣ ጉንጭ ወይም ምላስ ላይ፤ ክብ፣ መሐሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ

ይህ አፍተስ የሚባለው ቁስል ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አንቲባዮቲክም አያድነውም። ትንሹ ዓይነት ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲሆን ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ በራሱ ይሽራል። ትልቁ ሳምንታት ይቆያል፣ ጠባሳም ይተዋል።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው በቀን ሦስት አራቴ ይጉመጥመጡ። እስኪሽር ድረስ አዋዜና ሚጥሚጣ ይቅር፤ አልጫና ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ይሻላል። ካላስበላዎት ስለ ትራይአምሲኖሎን የአፍ ቅባት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። አስፒሪን ቁስሉ ላይ አድርጎ መያዝ ግን እባክዎ ይቅር፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

እየዳነ ደጋግሞ ሲመጣ

ጭንቀት አንዱ ቀስቃሽ ነው። የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 ማነስም ሊሆን ስለሚችል ደም ይመርመሩ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ለረጅም ጊዜ የማይቀምስ ሰው ቢ12 ሊያጥረው ይችላል። ምግብ እንደተነሳ የሚጠጣ ቡና ደግሞ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደናቅፍ፣ ረከቦቱ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ጥሩ ነው።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ

ጥርስዎን በምላስዎ ይዳስሱ። የተሸረፈ ጥርስ ወይም ልክ ያልሆነ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየፈገፈገው ይሆናል፤ የጥርስ ሐኪም ሹሉን ሲያለሰልሰው ቁስሉ ይሽራል። ጫት የሚቅም ሰው ጫቱን የሚያከማችበትን ጉንጭ አዘውትሮ ይይ።

ከንፈር ጠርዝ ላይ፤ ቆጥቁጦ ውሃ የሚቋጥር

እኛ ምች የምንለው ነው። መንስኤው ሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ትኩሳት ወይም ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል፤ ፀሐይ መታኝ የሚሉት እናቶቻችን እዚህ ላይ ልክ ናቸው። አሳይክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድኃኒት የሚጠቅመው ገና መቆጥቆጥ ሲጀምር ነው። ይህኛው ይተላለፋል፤ ሕፃን አይሳሙ።

ሲፋቅ የሚነሳ ነጭ ሽፋን

ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ፤ ኒስታቲን ይታዘዝለታል። የአስም መድኃኒት የሚስቡ ከሆነ ከሳቡ በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ።

ከ3 ሳምንት ያለፈ

እዚህ ላይ መጠበቅ የለም። በተለይ ጠርዙ ከጠጠረ፣ ከደማ ወይም አንገት ላይ እብጠት ካለ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ስላላመመኝ ቀላል ነው አይበሉ፤ የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ላያም ይችላል። ሲጋራና አልኮል ለሚያዘወትር ሰው አደጋው ይብሳል። የጥርስ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂዱ፣ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ያሳዩ፤ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉት ራሳቸው አፍ ያቆስላሉ።