ዕዳ የሚቀንሰው ዋናው ገንዘብ ሲነካ ነው

በየወሩ ሳታጓድሉ ትከፍላላችሁ፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ይህ የደረሰበት ሰው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም የራሳቸው ስንፍና ይመስላቸውና አንገታቸውን ይደፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የሒሳብ ነው። ከምትከፍሉት ገንዘብ ላይ መጀመሪያ ወለዱ ይነሳል፣ የተረፈው ብቻ ዋናውን ገንዘብ፣ ማለትም የተበደራችሁትን ራሱን፣ ይቀንሳል። ከዕዳ መውጣት ማለት ያችን የተረፈች ገንዘብ ማብዛት ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ፣ ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ ተከታተሉት። 30,000 ብር ዕዳ አለ እንበል፣ ወለዱ በወር 3 በመቶ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 900 ብር ነው። በየወሩ 900 የሚከፍል ሰው ዕድሜ ልኩን ቢከፍልም ዕዳው ያው 30,000 ነው። 1,000 ቢከፍል ያበቃል፣ ግን 78 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ስድስት ዓመት ተኩል ማለት ነው፣ በድምሩም ወደ 78,000 ብር ያወጣል። 1,500 ቢከፍልስ? በ31 ወር ገደማ ይገላገላል፣ ድምሩም ወደ 46,500 ብር ነው። በወር 500 ብር መጨመሩ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜና ከ31,000 ብር በላይ አዳነለት። ይህንን ስሌት በራሳችሁ ዕዳ ላይ ሥሩት። ልብን የሚያነቃ ነገር ነው።

ለመሥራት ግን ዕዳችሁን በትክክል ማወቅ አለባችሁ። ቁጭ ብላችሁ ሁሉንም ጻፉ፦ የባንኩን፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ በስልክ የተወሰደችውን፣ በዱቤ የተገዛውን፣ ከወንድም ከእህት የተወሰደውንም። ከወዳጅ የተበደሩትን ከዝርዝር መተው የተለመደ ነው፣ ግን እሱም ዕዳ ነው። ከእያንዳንዱ ጎን ቀሪውን ዋና ገንዘብ፣ የወለዱን መጠን፣ በወር የግድ የሚከፈለውን፣ የመክፈያ ቀኑንና ባይከፈል የሚመጣውን ጣጣ ጻፉ። ቀሪውን የማታውቁት ካለ አበዳሪውን ጠይቁ፣ በግምት አትጻፉ። ድምሩ ሲታይ የሚያስደነግጥ ሊሆን ይችላል። ይሁን። ያላወቁትን ዕዳ ማንም በዕቅድ ከፍሎ አይጨርስም።

ወለዱን ስትጽፉ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ሁለት አበዳሪዎች እኩል በዓመት 12 በመቶ ብለው የተለያየ ገንዘብ ሊቀበሏችሁ ይችላሉ። 12,000 ብር ለአንድ ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ የሚታሰብ ከሆነ 1,440 ብር ትከፍላላችሁ። በየወሩ እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን 794 ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያው አበዳሪ 12 ይበል እንጂ በሁለተኛው ዓይነት ስሌት ሲታይ ከ21 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ «ወለዱ ስንት ነው?» ብላችሁ አትብቁ፣ «በምን ላይ ነው የሚታሰበው?» በሉ። በወር የተነገራችሁንም በዓመት ቀይሩት፤ በወር 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል፣ ሳይከፈል ወለድ በወለድ ላይ እየታሰበ ከቆየ ግን በዓመት 27 በመቶ ሊጠጋ ነው። የአገልግሎት ክፍያና ቅጣትም ከወለዱ ጋር ይደመሩ።

ከዚያ አዲስ ብድር ይቁም። ለዚህ ደግሞ ትንሽ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ያለችውን ሳንቲም ሁሉ ለዕዳ አሟጦ የከፈለ ሰው ልጁ ሲታመምበት ተመልሶ የሚሄደው ወደ አበዳሪው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ወደ ውዱ። ስለዚህ ድንገተኛ ነገርን የምትሸፍን ጥቂት ገንዘብ ለብቻዋ አስቀምጡ። ትልቅ ቁጠባ አይሁን፤ ውድ ወለድ እየቆጠረባችሁ ብዙ ገንዘብ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ለሁሉም የግዴታውን ወርሃዊ ክፍያ ክፈሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ተጨማሪ ገንዘብ ግን አትበትኑት፣ አንዱ ዕዳ ላይ ብቻ አውሉት። የትኛው ላይ? በሒሳብ ከሄድን ወለዱ ከፍተኛ የሆነው ላይ ነው፣ አነስተኛ ወጪ የሚያስወጣው እሱ ነው። ከትንሹ ዕዳ መጀመርን የሚመርጡም አሉ፤ አንዱ ቶሎ ሲዘጋ ወኔ ይሰጣል፣ የወርሃዊ ክፍያው ገንዘብም ለቀጣዩ ይለቀቃል። እኔ የወለዱን መንገድ እመርጣለሁ። ግን መሀል መንገድ ላይ ተስፋ ቆርጦ ከመተው ከትንሹ ጀምሮ መጨረስ እጅግ ይሻላል፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከሁለቱም የሚቀድም ግን አለ። ባይከፈል ቤታችሁን ወይም የምትሠሩበትን ዕቃ የሚያስወስድ ዕዳ ውዝፍ እንዳይኖርበት አድርጉ። ዋስ የገባላችሁ ሰው ያለበትም እንዲሁ፤ ያ ሰው አምኗችሁ ነው የፈረመው።

አንዱ ዕዳ ሲያልቅ እሱ ላይ ይከፈል የነበረው ገንዘብ እንዳለ ወደ ቀጣዩ ይለፍ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው፤ ትንፋሽ አገኘሁ ብሎ ገንዘቡን ወደ ወጪ ይመልሰዋል። ተጨማሪ ስትከፍሉ ደግሞ አበዳሪው ገንዘቡን ከዋናው ላይ እንዲቀንስ በግልጽ ጠይቁ፣ አለዚያ የሚቀጥለው ወር ክፍያ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለው ወይ የሚለውንም ውላችሁ ላይ እዩ።

ተጨማሪው ገንዘብ ከየት ይምጣ? የአንድ ወር ወጪያችሁን ሳትመርጡ መዝግቡ። በየወሩ ሳታስተውሉት የሚቆረጥ ክፍያ፣ የማትጠቀሙበት ዕቃ፣ በልማድ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ይገኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ከምግብና ከቤት ኪራይ የማያልፍ ገቢ ላለው ሰው «ወጪ ቀንስ» ማለት ብቻውን ምክር አይደለም። ለእሱ መፍትሔው ገቢ መጨመር ወይም የብድሩን ሁኔታ ማስለወጥ ነው፣ ማፈርም የለበትም። ገቢያችሁ የሚዋዥቅ ከሆነ ዕቅዱን በደካማው ወር ልክ አውጡ፣ ጥሩ ወር ሲመጣ ትርፉን ወዲያው ዋናው ላይ አውሉት።

መክፈል እንደሚያቅታችሁ ካወቃችሁ የመክፈያ ቀኑ ሳያልፍ አበዳሪውን አነጋግሩ። ስልክ ማጥፋት የባሰ ያከብደዋል፣ ቅጣቱም አይቆምም። ስትሄዱ ገቢና ወጪያችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ በወር ስንት እንደምትችሉም ራሳችሁ አቅርቡ። የማትችሉትን ቃል አትግቡ። የተስማማችሁበት ነገር በጽሑፍ ይሁን። ጊዜ ሲራዘም ወርሃዊው ክፍያ ይቀንሳል፣ ጠቅላላው ወለድ ግን ሊጨምር ስለሚችል ድምሩን ጠይቁ። ብዙ ዕዳን በአንድ አዲስ ብድር መዝጋትም እንዲሁ ነው፦ ወለዱ በእርግጥ ካነሰና የድሮዎቹን በር ዳግም ካልከፈታችሁ ይጠቅማል። «ዕዳህን እናሰርዝልሃለን፣ መጀመሪያ ክፈል» ከሚል ሰው ግን ራቁ።

ለወዳጅ ያለባችሁን ገንዘብ በተመለከተ፣ ትንሽም ብትሆን በቀኗ ክፈሉ፣ ካልቻላችሁም ቀድማችሁ ደውሉ። ብዙ ወዳጅነት የሚሻክረው ከገንዘቡ ይልቅ በዝምታው ነው። ትዳር ያላችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ለባለቤታችሁ አሳዩ። ሁለት ሰው በሚያወጣበት ቤት አንዱ የማያውቀው ዕቅድ አይሠራም።

መጨረሻ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ብቻ አይበቃም። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ መያዣ የነበረ ንብረት ካለ እገዳው እንዲነሳ አድርጉ፣ ዋሳችሁም ነጻ መሆኑን ነግራችሁ አመስግኑት። ደረሰኞቹን አትጣሉ። ለዕዳው ትከፍሉት የነበረውን ገንዘብ ደግሞ በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን ወደ ቁጠባ ማስገባት ጀምሩ።