ለችግኝ አንድ እፍኝ የወይራ ሥር አፈር

የቃሪያ ወይም የሽንኩርት ችግኝ አዛውራችሁ ስትተክሉ ለሳምንታት ፍዝዝ ብሎ ይቀርባችኋል? ከጤነኛ ወይራ ወይም ግራር ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጡና ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሩ። የላዩን ደረቅ ቅጠል ገለጥ አድርጉ፤ ከታች ቀጫጭን ሥሮች ያሉበትን እርጥብ አፈር ዝገኑ። ከነሥሮቹ ይሁን። ደግሞ የችግኙን ሥር መንካት አለበት፤ ከላይ ብትበትኑት ትርፉ ድካም ነው።

ምስጢሩ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው በሽታ ነው፤ ይሄኛው ግን ወዳጅ ነው። ሥሩ ውስጥ ይገባና ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ወደ አፈሩ ይዘረጋል። ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፤ ተክሉም በፋንታው ስኳር ይሰጠዋል። ፎስፈረስን አንቆ በሚይዘው የደጋ ቀይ አፈር ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለጎመን ግን አትልፉ፤ ጎመንና ዘመዶቹ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም። ዳፕ (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ) ከልክ በላይ ካበዛችሁም ተክሉ ፈንገሱን ችላ ይለዋል። ከታመመ ወይም እየደረቀ ካለ ዛፍ ሥር ደግሞ በፍጹም አትውሰዱ፤ በሽታውንም አብራችሁ ልትተክሉት ትችላላችሁ።