ካርተር ሲነፋ፦ «ፋሻ ነው» ከመባሉ በፊት

ካርተር ማለት ከፒስተኖቹ በታች ያለው የሞተሩ የዘይት ክፍል ነው፤ ውስጡ ግፊት ሲበዛ ይነፋል። ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ሹፌሩ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው እየተነሳ ዘይት ይረጫል። ፓራሊዮ (የዘይት ማኅተም) ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ ያንጠባጥባል። ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ።» ሊሆን ይችላል። ግን ያ ትልቅ ወጪ ነው፤ ከዚያ በፊት ቀለል ብለው የሚጣሩ ነገሮች አሉ።

የናፍታ ሞተር ጤነኛም ሆኖ ትንሽ ይነፋል። ክዳን ከፍቶ ጭስ ማየት ብቻ በቂ አይደለም፤ መለካት ይሻላል። በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አጥብቃችሁ ግጠሙ። ቱቦውን ወደ ታች አጥፋችሁ እጥፋቱ ውስጥ ውሃ አድርጉ። የሞቀው ሞተር ሲሠራ በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ከፍታ ይለያያል። 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 0.01 ባር ገደማ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ ከሚፈቅደው ጋር አስተያዩት።

ውሃው ከልክ በላይ ከተነሳ መጀመሪያ የካርተሩን መተንፈሻ ቱቦና ማጣሪያ ፍቱ። ሲፈታ ውሃው ከወረደ መንገዱ ተደፍኖ ነበር፤ ማጠብ ወይም መቀየር ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው የቫኪዩም ፓምፑን ነው። በብዙ አነስተኛ የናፍታ መኪኖች ፓምፑ ዲናሞው ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ከፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ሲረገጥ እግርን ከሚያግዘው ክፍል) የሳበውን አየር ከዘይቱ ጋር ወደ ካርተር ይልካል። ሰርቮው ወይም ወደ ፓምፑ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ካፈሰሰ ፓምፑ ያለማቋረጥ አየር ይስባል፤ ያ ሁሉ አየር ካርተር ውስጥ ይገባል። መኪናውን አቁማችሁ፣ ጎማውን ታኮ አድርጋችሁ፣ የፓምፑን መሳቢያ ድፈኑ። ውሃው ከወረደ ጥፋቱ ፍሬን በኩል ነው። በዚህ ሁኔታ መኪናውን በፍጹም እንዳታንቀሳቅሱ፤ ፍሬኑ ረዳት የለውም።

የአየር ፍሬን ባላቸው የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ተጠራጠሩ። የአየር ጋኑ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ መሙላት ሲያቆም ውሃው ዝቅ ካለ የራሱ ፋሻ አልቋል። ቱርቦም ማኅተሙ ሲበላ በዘይት መመለሻው በኩል ይነፋል።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ሲሊንደር ግቡ። ቫልቮቹ ሁሉ በተዘጉበት ምት ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ ላይ አቁማችሁ ለሲሊንደሩ አየር ስጡ። ሲሊንደሮቹን አወዳድሩ። አየሩ በዘይት ክዳኑ በብዛት ከወጣ ፋሻ፣ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ) ወይም ፒስተን ነው። በማርሚታ ከወጣ የጭስ ቫልቭ ነው፤ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ከሠራ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታው ራሱ ነው።

የመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር መሳቢያው የሚገባ ከሆነ ጉዳዩን ለነገ አታሳድሩ። ሞተሩ የተነፋውን ዘይት እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ከቁጥጥር ውጪ ሊከንፍ ይችላል፤ ያኔ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም።

ፋሻ ከመቀየራችሁ በፊት ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ቀዳዳውን ፈልጋችሁ ድፈኑ። አለዚያ አዲሱንም ፋሻ ያው አቧራ ይፈጨዋል።