ደሴ ላይ ተቀምጦ ዘውግ መቀየር፦ ከፍቅር ልቦለድ ወደ ወንጀል፣ ከዚያም ወደ ታሪክ

ሁለት ሦስት የፍቅር ልቦለድ ያሳተመ ደራሲ ወንጀል ልጻፍ ብሎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚቀይረው ዕቃውን ብቻ ነው። ደብዳቤው ሽጉጥ፣ አፍቃሪው መርማሪ ይሆናል፤ ታሪኩ ግን በለመደው እግሩ ይሄዳል። መጀመሪያ መቀየር ያለበት አንባቢው ገጽ የሚገልጥበት ጥያቄ ነው። በፍቅር ልቦለድ ጥያቄው "ይገናኙ ይሆን?" ነው፤ በወንጀል "ማን አደረገው? እንዴትስ ይደረስበታል?" በታሪካዊ ልቦለድ ደግሞ አንባቢው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ መሸነፋቸውን ደሴ ላደገ ሰው እንደ ምስጢር ደብቀው ማቆየት አይችሉም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ባሏ የዘመተባት ሴት ያንን ክረምትና በጋ እንዴት እንደተሻገረችው ነው።

አዲስ መጽሐፍ ከመጀመርዎ በፊት ካሳተሙት ውስጥ አንድ ትዕይንት መርጠው በአዲሱ ዘውግ ከ1,500 እስከ 2,000 ቃላት አድርገው ይጻፉት። ቦታውንም ሰዎቹንም አይቀይሩ። ለምሳሌ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ይውሰዱ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሀረጎ ላይ ጉም ወርዷል። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት "የሁለት ሰው" ብሎ ይከፍላል፣ አጠገቡ ያለችው ልጅ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። በፍቅር ልቦለድ ካሜራው እዚያ ፊቷ ላይ ይቆያል፤ አፈረች ወይስ ተናደደች? ግማሽ ገጽ ቢወስድ ማንም አይከፋም። በወንጀል ልቦለድ ግን የሁለት ሰው የከፈለው ወጣት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ብቻውን ይወርዳል። ሂሳቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃዋል፣ ያውም በረዳቱና በአንዲት እናት የመልስ ጭቅጭቅ መሃል ተሸጉጦ። አንባቢ ከ100 ገጽ በኋላ "ለካ!" የሚለው ያኔ ሳያየው ስላለፈ ነው። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒባሱ የለም፤ ቁልቁለቱ በበቅሎ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ክፍያው በማርያ ትሬዛ ብር ነው፣ ልጅቷም ከማያውቁት ወጣት ጎን ብቻዋን አትጓዝም። ትዕይንቱን ከሥር መሥራት ግድ ይላል።

ወንጀል ሲጽፉ ከመጨረሻው ይጀምሩ። በትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ በእርግጥ የሆነው በየሰዓቱ፣ እያንዳንዱ ገፀ ባህርይ ሆኗል ብሎ የሚያምነው፣ አንባቢው የተነገረውና የተነገረበት ገጽ። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ብቻ ይያዙ። አንዱ ምዕራፍ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ ሌላው 2 ሰዓት ካለ አርታኢ ሳይቀር ይሳሳታል። ተጠርጣሪ ከአራት እስከ ስድስት ይበቃል፤ ጥፋተኛው በመጀመሪያው ሩብ ውስጥ በስሙ ብቅ ማለት አለበት። በመጨረሻው ምዕራፍ ከባቲ የመጣ የአጎት ልጅ ገዳይ ሆኖ ከተገኘ አንባቢው እንደተታለለ ይቆጥረዋል፣ እውነቱንም ነው።

የፍቅር ደራሲ እዚህ የሚወድቅበት ነገር የገፀ ባህርያቱን ልብ ሁሉ መክፈት ነው። የገዳዩን ሐሳብ ከውስጡ እየጻፉ ግድያውን ብቻ ከዘለሉት ያ ማጭበርበር ነው። መፍትሔው የትረካውን አንፃር አጥብቦ ከመርማሪው ወይም ከአንድ ምስክር ጋር ብቻ መሄድ ነው።

ሕጉ ደግሞ የምዕራፍ ፍጥነት በነፃ ይሰጥዎታል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ፣ ሲጠይቅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም። መርማሪዎ ሰውየውን ወር ሙሉ ጣቢያ አስቀምጦ ፍርድ ቤት ሳያቀርብ የሚመረምር ከሆነ ወይ ሕግ ጥሷል ወይ እርስዎ አልጠየቁም፤ የጣሰ ከሆነ እሱው የታሪኩ አካል ይሁን። ማስረጃም ከውጭ ፊልም ላብራቶሪ አይለምኑ። ደሴ ላይ ወሬ የሚሰበሰበው ከተራ አስከባሪ፣ ከወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) ቤት፣ ከጀበና ዙሪያ ነው። ቁም ነገሩ ከአቦል ላይ አይወጣም፤ ቶና እስኪደርስ መርማሪው ይቀመጥ።

ወደ ታሪክ ሲሻገሩ ጊዜ የሚበላው ቀን ማስማማት ነው። የውጭ ሰነዶች በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፦ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይቀንሱ። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ያለው መስከረም አንድ ቀን ዘግይቶ ስለሚጀምር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑም ይዛነፋል። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበበት ዲሴምበር 6 ቀን 1935 በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በተራው ዓመት ስሌት ግን 27 ብለው ይጽፉት ነበር። ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ሄደው በእግርዎ ይለኩት፤ ከበሩ እስከ ዙፋኑ ያለው እርምጃ ለአንድ እጅ ነሺ ስንት ዐረፍተ ነገር እንደሚፈጅ የሚታወቀው እዚያው ቆመው ነው። የሰበሰቡትን ሁሉ ግን አይጻፉ። ከአሥር መረጃ ሁለቱ ገጹ ላይ ከዋሉ ደህና ነው፤ ቀሪው ስህተት ከመጻፍ ይጠብቅዎታል።

ረቂቁን ለሦስት ሰው ይስጡ፦ ዘውጉን አሟጦ ለሚያነብ፣ የድሮ መጻሕፍትዎን ለሚወድ፣ ሙያውን ለሚያውቅ፣ ለምሳሌ ለጠበቃ። የወንጀል ረቂቅ ከሆነ ግማሹ ላይ አስቁመው "ማንን ጠረጠርክ?" ይበሉ። ሦስቱም ትክክለኛውን ከጠሩ ፍንጩ ፈጧል። ጨርሰው "እንዴት ሊሆን ቻለ?" ካሉ ደግሞ ፍንጩ ተቀብሯል፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግመው ያንሱት።

የብዕር ስም መቀየር የሚያስፈልገው የቀድሞ አንባቢዎ በአዲሱ መጽሐፍ የሚደነግጥ ከሆነ ብቻ ነው። አለዚያ ስምዎን ይዘው ሽፋኑን ይለውጡት፤ በሁለት ጥንድ እጆች ሥዕል የወጣ የግድያ ታሪክ ፒያሳ ያለ መጽሐፍ ሻጭ ከፍቅሮቹ ጋር ይደረድረዋል፣ ገዢውም ተናዶ ይመልሰዋል።