ንብ ከመቁጠራችሁ በፊት ቦታውን እንዴት ትገመግማላችሁ?

ባምብል ቢ የሚሏት ጸጉራምና ደንዳና ንብ እኛ አገር የለችም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አትገኝም። የደሴው ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ብትፈልጓት ትርፉ ድካም ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በጎ ፈቃደኞች መስክ ወርደው ይቆጥሯታል። ከቆጠራው ጋርም የቦታውን ሁኔታ በቅጽ ይመዘግባሉ። እኔን የማረከኝ ቅጹ ነው። ንቧ ለምን እንዳለች፣ ለምንስ እንደጠፋች ፍንጭ የሚሰጠው እሱ ነዋ! ዘዴው ለማር ንብም፣ ለጣዝማም፣ ለየብቻቸው ለሚኖሩት የዱር ንቦችም ይሠራል።

ወረቀት ይዛችሁ ሜዳ ላይ ስትንጎራደዱ የሚስቅባችሁ አይጠፋም። ሲወለድ ንብ ከቦት «ንቦች ንግሥናውን አወቁ» የተባለለት ላሊበላ የወሎ ሰው መሆኑን አስታውሷቸው።

መጀመሪያ ቦታውን ወስኑ። 1 ሄክታር ይበቃል፤ በገበሬ አነጋገር 4 ጥማድ ገደማ። አሜሪካኖቹም በዚህ ስፋት ላይ ለ45 ደቂቃ ይፈልጋሉ፤ ሁለት ከሆኑ ደቂቃውን ይካፈላሉ። ማሳና ደን አትቀላቅሉ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ደኑን ብቻ፣ ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተዳፋት ከሆነ እሱን ብቻ ያዙ። አንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ።

ቀኑ ፀሐያማ፣ ነፋሱም የረጋ ይሁን። ደሴ አካባቢ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቁ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መቸኮል አያስፈልግም። መስከረምና ጥቅምት ዋናው ወቅት ነው። ግን ወሎ በልግም አለው። ዝናቡ ከጣለ ሌላ አበባ ይመጣልና አንዴ አይቶ መፍረድ አይሆንም።

ቀጥሎ አበባውን መዝግቡ። የምትጽፉት ዛሬ የፈካውን ብቻ ነው። «ነገ ያብባል» አይቆጠርም። አደይ አበባ፣ መጭ፣ ግርቢያ፣ ጥንጁት፣ ዳማከሴ፣ እያላችሁ ስንት ዓይነት እንዳለ ጻፉ። ከዚያ ብዛቱን «ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብዙ» ብላችሁ ገምቱ። ስሙን ካላወቃችሁ ፎቶ አንስታችሁ እረኛ ጠይቁ፤ ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃሉ። ባሕር ዛፍ ሲያብብ ንብ ይወደዋል፣ አልክድም። ግን ከሥሩ ባዶ መሬት ብቻ ከሆነ እኔ ጥሩ መኖሪያ ብዬ አልጽፍም።

አሁን ወደ መሬት ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። ሐይቅ ከተማ አካባቢ አንዴ አደይ የሞላበት ሜዳ አግኝቼ «እጅግ ጥሩ» ብዬ ጽፌ ልሄድ ስል፣ አንድ እረኛ ልጅ በዱላው እግሬን ነካ አድርጎ «ቤታቸው ላይ ቆመሃል» አለኝ። ጎንበስ ስል ደረቁ መሬት በእርሳስ ጫፍ የተበሳ ይመስላል። አብዛኞቹ የንብ ዝርያዎች መሬት ቆፍረው ነው ጎጆ የሚሠሩት። ጣዝማም ቤቷ ከመሬት በታች ነው። ባምብል ቢም ብትሆን የተተወ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘውን ገላጣ አፈር፣ ያልታረሰ ድንበር፣ የገደል ግድግዳ፣ የአይጥ ጉድጓድ፣ የደረቀ ግንድ ፈልጉና መዝግቡ። ቀዳዳ አገኘን ብላችሁ ግን እንዳትቆፍሩ።

ከዚያ ባለመሬቱን አነጋግሩ። «አያ፣ እዚህ አረም ማጥፊያ ትረጫላችሁ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ስሙንም ያውቁታል፤ «ቱፎርዲ» ይሏችኋል። መቼ እንደተረጨ፣ ከብት ይግጥበት እንደሆነ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ጻፉ። በአቅራቢያው ቀፎ ካለ ቁጥሩን ያዙ። አለበለዚያ የማር ንብ ተግተልትሎ ስታዩ የቦታው ፀጋ ይመስላችኋል። ውሃ ካለም አንድ መስመር ይበቃዋል።

በመጨረሻ ንቡን ቁጠሩ። ምንም ካላያችሁ «0» ጻፉ፤ ባዶ አትተዉት። ባዶ ከሆነ ሄዳችሁ ይሁን ቀርታችሁ ማን ያውቃል? በልግ ሲመጣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ እነዚያኑ አራት ፎቶዎች ድጋሚ አንሱ።